የዘጌ ቡናና የፌርትሬድ ማኅተም፦ ከማመልከቻው በፊት ሚዛኑ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዘጌ ላይ ያለን፣ 84 አባላት ያሉን የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነን። ባለፈው ዓመት 210 ኩንታል ጀንፈል (ከነቆዳው የደረቀ ቡና) ሰብስበን ለነጋዴ ሸጥን። የፌርትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ) ማኅተም ያለበት ቡና ውጭ አገር በተሻለ ዋጋ እንደሚሸጥ ሰምተናል። ማኅተሙን እንዴት እናገኛለን? ስንትስ ይጨምርልናል? ቡናችን ማዳበሪያም መድኃኒትም ነክቶት አያውቅም፤ ታዲያ ኦርጋኒክ አይባልም ወይ?»

210 ኩንታል ጀንፈል ይዛችሁ ለብቻችሁ ብታመለክቱ የምትከስሩ ይመስለኛል። የቡናው ጥራት አንሶ አይደለም። መጠኑ ወጪውን ስለማይሸከመው ነው። ቁጥሩን አብረን እንየው።

ጀንፈል ሲቀሸር ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። 210 ኩንታሉ 105 ኩንታል የተቀሸረ ቡና ይሆናል። ጥቁሩ፣ የነቀዘው፣ የተሰባበረውና ሳይበስል የተለቀመው ተለይቶ 15 በመቶ ቢወጣለት ለውጭ የሚበቃው ወደ 90 ኩንታል ነው። የውጭ ገዢ የሚጭነው ደግሞ በኮንቴይነር ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 192 ኩንታል ይይዛል። የእናንተ ቡና የኮንቴይነሩን ግማሽ አይሞላም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ፌርትሬድ በዋናነት ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ የዋጋ ወለል፣ ማለትም ገዢው ከዚያ በታች የማይከፍልበት ዋጋ፣ ሌላው ፕሪሚየም፣ ማለትም በዋጋው ላይ ለማኅበሩ የሚከፈል ጭማሪ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023) ወዲህ ወለሉ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1.80 ዶላር፣ እንደ እናንተ ላለው ያልታጠበ 1.75 ዶላር ነው። ኦርጋኒክ ከሆነ 0.40 ይጨመርበታል። ፕሪሚየሙ 0.20 ነው። አንድ ኩንታል 220.46 ፓውንድ ስለሆነ የእናንተ ወለል በኩንታል 386 ዶላር ገደማ፣ ፕሪሚየሙ ደግሞ 44 ዶላር ገደማ ይሆናል።

ብዙ ማኅበር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወለሉ የሚሠራው ገበያው ሲወድቅ ብቻ ነው። የዓለም ዋጋ ከወለሉ በላይ ከሆነ የሚከፈለው የገበያው ዋጋ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት የኒውዮርክ የቡና ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ያን ጊዜ 1.75 ምንም አይጨምርላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ግን ያው ገበያ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ ያን ጊዜ ወለል ያለውና የሌለው ገበሬ ኑሮ አንድ አልነበረም። ወለሉን ለክፉ ቀን እንደተቀመጠ እህል እዩት። በደህና ዘመን እጃችሁ የሚገባው ፕሪሚየሙ ነው፤ 90 ኩንታሉ በሙሉ በፌርትሬድ ውል ቢሸጥ ወደ 3,970 ዶላር፣ ለአንድ አባል ሲካፈል 47 ዶላር። የማመልከቻ፣ የመጀመሪያ ኦዲትና የየዓመቱ ክፍያ በዩሮ ነው፣ ሲደመርም በሺዎች ይቆጠራል። መዝገብ የሚይዝ ሰው ደመወዝም አለ። ትከስራላችሁ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት ለአባላቱ ይነገር። አንደኛ፣ ይህ ሁሉ ዋጋ ቡናው ወደብ ላይ መርከብ ሲጫን ያለው ዋጋ ነው። የመቀሸሪያው፣ የማጓጓዣው፣ የጆንያው፣ የባንኩና የላኪው ወጪ ከዚያ ላይ ይነሣል። «በፓውንድ 1.75» ሲባል የሰማ አባል በብር አባዝቶ ቢጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ ሌባ የሚባለው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ሁለተኛ፣ ማኅተም ገዢ አያመጣም። በዓለም ላይ ከተረጋገጠው ቡና በፌርትሬድ ውል የሚሸጠው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ማኅተም እንደሌለው ቡና ይሄዳል። ፕሪሚየም የሚከፈለው በተሸጠው ላይ እንጂ በተመረተው ላይ አይደለም።

ስለዚህ የሚያዋጣችሁ መንገድ ማኅተሙ ባለው ዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት) ሥር መግባት ነው። ፌርትሬድ ለዩኒየን የሚሰጠው የምስክር ወረቀት አባል ማኅበራቱን ይሸፍናል፤ አዲስ ማኅበር ሲገባ በዩኒየኑ የውስጥ ቁጥጥር ተመርምሮ ይመዘገባል። ኦዲተሩ በጀርመን ቦን ከተማ ካለው የፌርትሬድ መርማሪ ድርጅት ከፍሎሰርት ሲመጣ ከማኅበራቱ ናሙና ወስዶ ያያል። ክፍያው ለብዙ ስለሚካፈል ይቀላል፣ የእናንተ 90 ኩንታልም ከሌላው ጋር ተደምሮ ኮንቴይነር ይሞላል። ቡናችሁ ተቀላቅሎ የዘጌ ስሙን እንዳያጣ ግን በውሉ ላይ «በቦታ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ተለይቶ ይቀመሳል» የሚል ቃል አስገቡ። የቅምሻው ውጤት ከመቶ 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ከሆነ በስሙ የሚፈልገው ገዢ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ገዢ የሚጨምረው ዋጋ አንዳንዴ ከፕሪሚየሙ ይበልጣል።

ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁ ውስጥ የሚስተካከል ነገር አለ። ከሁሉ የሚቀድመው ለቀማው ነው።

ቡና ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ተገፍፎ ይወርዳል። ያልበሰለው ፍሬ ሲደርቅ ቆዳው ከፍሬው አይላቀቅም፣ ሲቆላ ገርጥቶ ይቀራል፣ ቅምሻ ላይ የጥሬ ኦቾሎኒ ዓይነት ጣዕም ያመጣል። ከመቶ ፍሬ አምስት እንዲህ ያለ ቢኖር ቀማሹ ያውቀዋል። አንድ ገበሬ ብቻውን እስኪበስል ቢጠብቅ ይሰረቃል፤ ሁሉም በአንድነት ቢጠብቅ ግን የሰረቀው ሰው አረንጓዴ ቡና ይዞ የትም ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ የለቀማ መክፈቻ ቀን በመተዳደሪያ ደንብ ወስኑ፣ ከቀኑ በፊት እሸት የሚገዛም የሚሸጥም ይቀጣ። በርክክቡ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሰው ቡና 100 ፍሬ ሳይመረጥ ይዘገንና ይቆጠር፤ 95 ቀይ ከሆነ ይገባል፣ ከዚያ ካነሰ ባለቤቱ እዚያው ለቅሞ ይመልሰው። እንዲህ ያለው ቆጠራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጭቅጭቅም ያስቀራል።

ቀጥሎ ማድረቁ። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አፈር አፈር ይላል፣ ከሥሩም እርጥበት ይስባል። የጣና ዳር ሌሊት ደግሞ ጤዛ አለው። ቀን የደረቀው ሌሊት ይረጥባል፣ በማግስቱ እንደገና ይደርቃል፤ ይህ መመላለስ ነው ሻጋታ የሚያመጣው። ስለዚህ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣ፤ አልጋው ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ይበል፣ ላዩ የሽቦ ወንፊት ወይም የቀርከሃ ሰሌን ይሁን። እሸቱ ውፍረቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፤ ያ ማለት በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ቢያንስ አምስት ጊዜ ይገላበጥ፤ ካልተገላበጠ ይቦካና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይሸፈን፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ ይገለጥ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታም ሸፍኑት፤ ቆዳው ቶሎ ከደረቀ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እንደ አየሩ ሁኔታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል።

የአልጋውን ስፋት በእናንተው ቁጥር ልሥራላችሁ። አንድ አባል በአማካይ 2.5 ኩንታል ጀንፈል ካስገባ የለቀመው እሸት ወደ 7 ኩንታል ነው። ሲሶው በአንድ ጊዜ አልጋ ላይ ቢሆን 230 ኪሎ ነው፤ 12 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። 1.2 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አልጋ ማለት ነው። ለእንጨቱ ከደኑ ዛፍ አይቆረጥ፤ የባሕር ዛፍ አጠና ከውጭ ይገዛ። ፕሪሚየም መምጣት ሲጀምር ቢያንስ ሩቡ፣ ከ20ው ሳንቲም 5ቱ፣ ለምርትና ለጥራት ማሻሻያ መዋል ስላለበት የወንፊቱ ወጪ ከዚያ ይሸፈናል።

መድረሱን ለማወቅ እያወዛወዙ ድምፁን መስማት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። እርጥበት መለኪያ እስክትገዙ ድረስ ይህን አድርጉ፦ ልክ 10 ኪሎ እሸት በቀጭን መረብ ከረጢት አድርጋችሁ ከሌላው ቡና ጋር አልጋው ላይ አኑሩ፤ ሌላውን ስትገለብጡ እሱንም ገልብጡ። በየቀኑ ማታ ይመዘን። ክብደቱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ባለው ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ ካልቀነሰ ደርሷል። ከዚያ የሚፈለገው ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ወረዳው የቡና ባለሙያ ካለው መለኪያውን ጠይቁ።

ሦስተኛው ሚዛንና ደረሰኝ ነው። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማስበው ለዚህ ነው። ፍትሐዊ ንግድ ከውጭ ገዢ አይጀምርም፤ ማኅበሩ ከራሱ አባል ላይ ቡና ሲመዝን ይጀምራል። በብዙ ቦታ ለጆንያ ተብሎ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይቀነሳል። ማዳበሪያ የምንለው ባዶ የፕላስቲክ ከረጢት ግን ከ200 ግራም አይበልጥም፣ የጁት ጆንያም ወደ 1 ኪሎ ነው። 210 ኩንታሉ በባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ከገባ 420 ከረጢት ነው። በየከረጢቱ 1 ኪሎ ያለ አግባብ ቢቀነስ 420 ኪሎ ጀንፈል የአባላቱ ላብ ሳይከፈልበት ቀረ ማለት ነው። ባዶውን መዝናችሁ ትክክለኛውን ቀንሱ። ሚዛኑን በየሳምንቱ ለመፈተሽ ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ 10 ጠርሙስ ጫኑበት፤ 20 ኪሎና ጥቂት መቶ ግራም ማሳየት አለበት። ፈረሱላ ለሚቆጥሩ አባቶች 17 ኪሎ መሆኑ በግድግዳ ላይ ይጻፍላቸው።

ደረሰኙ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ለአባሉ፣ አንዱ ለሒሳብ ሹም፣ አንዱ ለዩኒየኑ። ቀን፣ ስም፣ የአባል ቁጥር፣ እሸት ወይም ጀንፈል፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የከረጢት ክብደት፣ የተጣራ፣ የኪሎ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ ቀሪ፣ የሁለቱም ፊርማ። የማይጽፍ ሰው በጣት ይፈርም፣ ምስክርም ይኑር። የአባላት መዝገብ ደግሞ የእያንዳንዱን የቡና ቦታ ስፋትና የሚጠበቀውን ምርት ይያዝ። ሦስት ኩንታል የሚጠበቅበት ሰው ስምንት ካስገባ ከውጭ ገዝቶ ነው የሚያመጣው፤ ኦዲተሩ የሚይዘውም በዚህ ነው። ስለ ልጆች ሥራም ይጠየቃል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀጥሮ አይሠራም። በራሱ ቤተሰብ ቦታ ትምህርቱን ሳይተው፣ ለዕድሜው በሚመጥን ሥራ፣ በወላጅ ዓይን ሥር ሊያግዝ ይችላል። በለቀማ ሰሞን ትምህርት ቤት ባዶ የሚሆን ከሆነ ይህ ለማኅተሙም ለልጁም አደጋ ነው።

የፕሪሚየሙን ገንዘብ በተመለከተ፣ የሚወሰነው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ቃለ ጉባኤውና የተገኙት ሰዎች ፊርማ ይቀመጣል፣ ሒሳቡም ከማኅበሩ ንግድ ተለይቶ ይያዛል።

ኦርጋኒክን በተመለከተ የጠየቃችሁት ብዙ ሰው የሚያስበው ነው። መድኃኒት አለመርጨትና ኦርጋኒክ መባል ለየቅል ናቸው። ኦርጋኒክ የሚባለው አለመረጨቱ በወረቀት የተረጋገጠለት ቡና ነው። ለአውሮፓ ገበያ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል የሽግግሩ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ በማስረጃ ሊያጥር ይችላል፣ በቃል ግን አያጥርም። በአዲሱ ደንብ በቡድን የሚያመለክቱ ገበሬዎች የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ከ2,000 የማይበልጥ አባል ያለው ቡድንና የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ይጠየቃሉ። ይህንንም በዩኒየን በኩል ማድረግ ይቀላል።

የእናንተ አደጋ ያለው ከቦታችሁ ውጭ ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት የሚያለሙ ሰዎች ፀረ ተባይ ይረጫሉ፤ ከቡናችሁ ጋር የሚዋሰን የጫት ቦታ ካለ ነፋሱ ያመጣዋል። ከድንበሩ የተለቀመው ለብቻው ተለይቶ ያለ ኦርጋኒክ ይሸጥ። ሁለተኛው አደጋ ከረጢቱ ነው። ዩሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ማዳበሪያ ታጥቦም ቢሆን ቡና አይያዝበት። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ገበያው ለጊዜው ተናግቶ ነበር፤ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ጆንያ ነው። ቤት ውስጥ ለወባ የሚረጨውም እንዲሁ፤ በሚረጭበት ቀን ቡናው ከቤት ይውጣ።

ስለ ደኑ አንድ ነገር ልጨምር። በዘጌ ገዳሙን ካቀኑት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ሲወርድ በመጣው ሥርዓት መሬቱ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም፤ ቡናውና ጌሾው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የቆየው በዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አሁን ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል፤ የሚጀምርበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ገዢዎች ከወዲሁ መረጃውን መጠየቅ ጀምረዋል። አባቶቻችሁ የጠበቁት ደን እዚህ ላይ ጥቅም አለው። ግን በካርታ መታየት አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ቦታ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ያለው ይሁን። በስልክ ስትወስዱ ዛፉ ሰማዩን ስለሚጋርድ ቦታው ውስጥ ክፍት ወደሆነው ቆማችሁ ስልኩ የሚያሳየው የስሕተት መጠን ከ5 ሜትር እስኪያንስ ጠብቁ። የፌርትሬድ ማኅተም ይህን አይተካም። የማገዶ ዛፍ ቆርጦ ባሕር ዳር የሚሸጠውን አባል በዚህ ምክንያት አነጋግሩት፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው የቡናው ገንዘብ ክረምቱን ስላላሻገረው ነውና ቅጣት ብቻውን አያቆመውም።

ማኅበራትን የሚያፈርሰውም ይኸው ገንዘብ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ነጋዴው በክረምት ያበድራል፣ በለቀማ ጊዜ በቡና ይቀበላል። ዩኒየኑ ደግሞ ናሙና ተልኮ፣ ተቀምሶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ተጭኖ ነው የሚከፍለው። በፌርትሬድ ሥርዓት አምራቹ ከጠየቀ ገዢው የውሉን ዋጋ እስከ 60 በመቶ አስቀድሞ እንዲያቀርብ ወይም እንዲያመቻች ይጠበቅበታል። ይህ ግን ውል ሲኖር ነው፣ ውሉም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቡናው ከተለቀመ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት 210ውን ኩንታል በሙሉ ለዩኒየን አንሰጥም በሉ። የምትሰጡት በእጃችሁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከሚገዛው አይበልጥ። ለምሳሌ 60 ኩንታል ቀይ ለቅሞ በአልጋ የደረቀ ጀንፈል ይለይ፤ ለአባሉ ሲያስረክብ የዕለቱን የአካባቢ ዋጋ 70 በመቶ፣ ቀሪውንና ጭማሪውን ከሽያጭ በኋላ ክፈሉት። ይህ በደረሰኙ ላይ «ቀሪ» በሚለው ረድፍ ይጻፍ። ቀሪው በተባለበት ወር ከተከፈለ በሁለተኛው ዓመት የሚያስረክበው ሰው ይበዛል። ካልተከፈለ ግን በምንም ማኅተም አትመልሱትም።

ቆልታችሁ ለጎብኚ መሸጥንም አስቡበት። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት በጀልባ የሚመጣ ሰው የቡናውን ዛፍ ራሱ አልፎ ነው የሚሄደው። ለውጭ የተዘጋጀ ቡናን አገር ውስጥ መሸጥ በሕግ የተገደበ ስለሆነ መጀመሪያ የወረዳውን የቡና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ፈቃድ አውጡ። የፌርትሬድን ምልክት ያለ ፈቃድ ከረጢት ላይ ማተም ክልክል ነው፤ በምትኩ የተቆላበትን ቀን፣ የማኅበሩን ስምና ለገበሬው በኪሎ ስንት እንደተከፈለ ጻፉበት።

ወደ ዩኒየኑ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት 1 ኪሎ የተቀሸረ ናሙና፣ የአባላት መዝገብ፣ ያለፈው ዓመት ደረሰኝና የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ነው። የምትጠይቁት ደግሞ ይህ ነው፦ ባለፈው ዓመት ከተረጋገጠ ቡናችሁ በፌርትሬድ ውል የተሸጠው ስንት በመቶ ነው? ፕሪሚየሙ ለማኅበራቱ በየትኛው ወር ደረሰ? ከወደቡ ዋጋ ላይ ምን ምን ተቀነሰ? መልሱን በቁጥር፣ በወረቀት ካልሰጧችሁ ሌላ ዩኒየን ጠይቁ።